ባለቤቴ ዲስክ ሲመርጥ

መራጭ የሌለበት ሰፈር የለም። ቤታችሁ ውስጥ ባይኖር ጎረቤት አለ። ጎረቤት ከሌለ ደግሞ ገበያ ውስጥ ከፊታችሁ ቆሞ ሐብሐቡን በጣቱ እያንኳኳ ድምፁን የሚያዳምጠው ሰውዬ እሱ ነው። መራጭ የራሱን ብቻ መርጦ አይሄድም፤ የእናንተንም ይመርጣል። ዘንቢላችሁ ውስጥ አጮልቆ ያይና፣ «ይሄን ማን ሰጠሽ?» ብሎ በሐዘን ራሱን ይነቀንቃል፤ ሽንኩርት ሳይሆን የታመመ ሕፃን የያዛችሁ ይመስል።

የጭሮ ከተማ የመራጮች አለቃ፣ የማገላበጥ ሊቅ፣ ክቡር አቶ ሳቢት ባለቤቴ ናቸው። አንቱ ያልኳቸው ለጽሑፉ ክብር ስል ነው። ቤት ውስጥ ሳቢት ነው፤ ከዚህ በኋላም ሳቢት ይሁንልኝ፣ አንቱታው ከወዲሁ እጄን አደከመኝ።

ሳቢት ጫማ ቤት አለው። ጫማ ቤት ያለው ሰው ጫማ መሸጥ ይፈልጋል ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። እሱ ግን ደንበኛው ወዶ የያዘውን ጫማ ከእጁ ተቀብሎ፣ ሶሉን አጥፎ፣ ክሩን ጎትቶ፣ የሰውየውን እግር ከላይ እስከ ታች አይቶ፣ «ይሄ ላንተ እግር አልተሠራም» ይላል። ከዚያም ማዶ ያለው ሱቅ ውስጥ የተሻለ መኖሩን ይጠቁመዋል። ማዶ ያለው ባለሱቅ በየሶላቱ ዱዓ ያደርግለታል።

ገበያ አብሬው መውጣት ካቆምኩ ቆይቻለሁ። ቲማቲም የሚሸጡት አዴ ኡምኩልሱም ሳቢትን ከሩቅ ሲያዩ ቲማቲሙን በጨርቅ ይሸፍናሉ። አንድ ቀን ከኋላው ቆሜ ነበር። አንዷን ቲማቲም ወደ ፀሐይ አንስቶ ዙሪያዋን ሲያይ፣ አዴ ኡምኩልሱም ታግሠው ታግሠው፣ «ልጄ፣ ልትበላው ነው ወይስ ልጅህን ልትድርለት?» አሉት። ከጎን ያሉት ሻጮች ሁሉ ሳቁ። እኔ የነጠላዬን ጫፍ ወደ አፌ ሳብኩ። ሳቢት ግን ቅር አላለውም።

«ሱታ፣ አዴ» አላቸው፤ ቀስ ይበሉ ማለቱ ነው በኦሮምኛ። «ዕቃ ሲቸኩሉበት ይታዘባል።»

ከዚህ ሰው ጋር ስኖር እፍረት ሥራዬ ሆኗል ብል ማጋነን አይደለም። እሱ ይመርጣል፣ እኔ አፍራለሁ፤ በዚህ ተከፋፍለን ጥሩ ትዳር ይዘናል። ነገሩ የባሰው ዲስክ ከመጣ ወዲህ ነው።

እኔ የሦስተኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ። በትምህርት ቤታችን ስፖርት የምታስተምረው ሄለን አዳማ ለሥልጠና ሄዳ ስትመለስ አንድ ጆንያ ሙሉ ያገለገሉ ዲስኮች ይዛ መጣች። ዲስክ ማለት የሳህን ቅርፅ ያለው የፕላስቲክ መወርወሪያ ነው። ሜዳ ላይ ሰንሰለት የተንጠለጠለበት የብረት ቅርጫት ይተከላል፤ ከሩቅ እየወረወሩ እየተጠጉ እዚያ ውስጥ ማስገባት ነው። በትንሽ ውርወራ ያስገባ ያሸንፋል። ዲስክ ጎልፍ ይሉታል። ሄለን ቅርጫቶቹን በበያጅ አሠርታ ከከተማው በላይ ያለው ገላጣ ተዳፋት ላይ አስተከለች። አስተማሪው፣ የባጃጅ ሹፌሩ፣ ነጋዴው ቅዳሜ ከሰዓት ወደዚያ መውጣት ጀመረ። እኔም ሄለን ስትጎተጉተኝ ወጣሁ፤ አንዴ ወረወርኩ፤ ዲስኩ ሄዶ ሰንሰለቱን ሲመታ የሰማሁት ድምፅ ልቤ ውስጥ ቀረ።

ከተማው ወዲያው አወራ። «ባለትዳር ሴት፣ ያውም አስተማሪ፣ ሜዳ ወጥታ ሳህን ትወረውራለች» ተባለ። ወሬውን ሳቢት ሱቅ በር ላይ ሆነው ጆሮው እንዲገባ ጮክ ብለው ያወሩለት ሰዎች ነበሩ። ሳቢት የያዘውን ጫማ አስቀመጠና፣ «ሳህን አይደለም፣ ዲስክ ነው። ሳህኖቹ ቤት አሉ» አላቸው። ከዚያ ሰዎቹን አስቀምጦ ስለ ዲስክ ጠርዝ ውፍረትና ቅጥነት ማስረዳት ጀመረ። ወሬኞቹ ሊሸሹ ቢሞክሩም በቀላሉ አልለቀቃቸውም። ከዚያ በኋላ ስለ እኔ በዚያ ሱቅ በር ያወራ ሰው አልሰማሁም፤ የሚያወራ ሰው ሳቢት እንደሚያስረዳው ያውቃላ።

ራሱ መወርወር አይችልም። አንድ ጊዜ ሞክሮ ዲስኩ ከኋላው ሄደ። መምረጥ ግን ማን ያህለዋል። የሄለንን ጆንያ ሱቁ ወስዶ ዲስኮቹን በጫማ መደርደሪያ ላይ ደረደረና አንድ በአንድ ያጠናቸው ጀመር። በአውራ ጣቱ ጠርዛቸውን ይጫናል። ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ ጎንበስ ብሎ ጀርባቸው ጎበጥ ማለቱን ወይም ጠፍጣፋ መሆኑን ያያል። ከጠርዙ ሥር ያለችውን ትንሽ እብጠት በጥፍሩ ይዳስሳል። ሜዳ ላይም እያንዳንዱ ሲወረወር እየተከታተለ ጠባዩን ያዘ።

ለሩቅ የሚወረወሩት አላስጨነቁትም። የሱ ፍቅር ለቅርቡ ነበር፤ ማለትም ወደ ቅርጫቱ ማስጠጊያና ቅርጫቱ ውስጥ ማስገቢያ ለሆኑት። ከነሱ ውስጥ አንዳንዶቹ ለስላሳ ናቸው፤ ነፋሱ ወደወሰዳቸው ይሄዳሉ። አንዳንዶቹ ቀጥ ብለው ይሄዳሉ። ጥቂቶቹ ደግሞ፣ ሳቢት «ግትር» የሚላቸው፣ ነፋስ ፊት ለፊት ቢገፋቸውም አይገለበጡም፤ የሚሄዱትን ያህል ሄደው መጨረሻ ላይ ወደ ግራ ታጥፈው የወደቁበት ቁጭ ይላሉ። ተዳፋት ላይ ወይም ገደል አፋፍ ላለ ቅርጫት እንደነሱ የሚታመን የለም።

ስምም አወጣላቸው። ጠፍጣፋውን፣ ጠንካራውን፣ ብርቱካንማውን ግትር «ቃዲው» አለው፤ አንዴ የፈረደውን ስለማይቀይር። ቀጥ ብሎ የሚሄደውን «ሽማግሌው» አለው። ወደ ወሰዷት የምትሄደዋን ለስላሳ ነጭ ዲስክ «ሙሽሪት» ብሎ ጠራት። ስሙን ያወጣው እሱ ነው፤ እኔ የለሁበትም።

«ግትርነትም ያልቃል» ይለኛል እራት ላይ፣ ቃዲውን ከሳህኑ አጠገብ አስቀምጦ። «ዛፍ እየመታ፣ ድንጋይ እየመታ ሲሄድ ይለዝባል። አዲሱን ግትር ለኃይለኛ ነፋስ፣ የለዘበውን ለቀስታ ነፋስ ነው የምንይዘው።»

«ብላ፣ ወጡ ቀዘቀዘ።»

«ሱታ። ይሄን ንኪው። እብጠቷ አትሰማሽም?»

ሜዳ ላይ የሚያደርገውን ደግሞ አያድርስ። ሌሎች ይመጣሉ፣ ይወረውራሉ፣ ይሄዳሉ። የኔ ተራ ሲደርስ ሳቢት የዲስኮቹን ቦርሳ ከትከሻው ያወርዳል። ደረቅ ሣር ነጭቶ ወደ ላይ ይበትናል። ሣሩ የሄደበትን ያያል። ድጋሚ ይበትናል። ከዚያ ዲስኩን አውጥቶ በእጁ መዳፍ ይመዝናል፤ ይመልሰዋል፤ ሌላ ያወጣል። ከኋላ የቆሙት ሰዓታቸውን ያያሉ፤ እኔ ጫማዬን አያለሁ። በመጨረሻ ዲስኩን እጄ ላይ ያስቀምጥና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይላል። እውነቱን ለመናገር የመረጠልኝ አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነበር። ግን ልክ የሆነ ሰውም ያሳፍራል፤ ይሄን ከሳቢት ነው የተማርኩት።

ባለፈው ዓመት ገለምሶዎችም እንደኛው ሜዳ ሠርተው ለውድድር ጠሩን። በሚኒባስ ሄድን። ሳቢት ከመነሣታችን በፊት የሚኒባሱን ወንበሮች ሁሉ እየተቀመጠ ሞከረ። ረዳቱ ምን እንዳለ አልጽፈውም።

የገለምሶ ሜዳ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ኮረብታ ወገብ ላይ ነው፤ የመጨረሻው ቅርጫት ገደል አፋፍ ላይ ተተክሏል። ከቅርጫቱ ያለፈ ዲስክ ቁልቁል ተንከባሎ ቡና ተክል ውስጥ ይገባል፤ ከግራ ደግሞ ጎርፍ የቆፈረው ጉድባ አለ። ሕዝቡ ድንጋይ ላይ ተደርድሮ ተቀምጧል፤ የቀኑ ዳኛ ጂብሪል የሚባሉ ጫት ነጋዴ ሽማግሌ ናቸው። እኔና የገለምሶዋ ኩብራ እኩል ሆነን እዚያ ደረስን። ኩብራ ተራዋን ወርውራ ዲስኳን ቅርጫቱ አጠገብ አሳርፋለች። እኔ ካስጠጋሁ ገና ተስፋ አለኝ፤ ካበላሸሁ ያበቃል። ነፋሱ ፊት ለፊት እየመጣ ቀሚሴን እግሬ ላይ ይጠቀልለዋል።

ሳቢት ሣሩን ነጨ።

በተነ። አየ። ድጋሚ ነጨ። ቃዲውን አወጣ፤ ሽማግሌውን አወጣ፤ ሁለቱን በሁለት እጁ ይዞ እንደ ሚዛን ከፍ ዝቅ አደረጋቸው። ሕዝቡ ማጉረምረም ጀመረ። ከድንጋዮቹ መሀል አንዱ ሰው በኦሮምኛ፣ «ይሄ ሰው ሚስት ሲያገባ ስንት ዓመት ፈጅቶበት ይሆን?» አለ። ኮረብታው ሙሉ ሳቀ። ኩብራ እንኳ ፊቷን አዙራ ነው የሳቀችው። ዳኛው ጂብሪል ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ልጄ፣ የመግሪብ ሶላት ሳይደርስብን» አሉ።

«ሱታ፣ ኦቦ ጂብሪል» አለ ሳቢት፣ ቀና እንኳን ሳይል።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «ሽማግሌውን ስጠኝና እንሂድ» አልኩት በሹክሹክታ።

«በዚህ ነፋስ? ተገልብጦ ቡና ውስጥ ነው የሚገባው።» ቃዲውን እጄ ላይ አስቀመጠ። «በርትተሽ ወርውሪ። አይከዳሽም።»

ወረወርኩ። ነፋሱም ቆመ። ሳቢት ሲመርጥ፣ ሣር ሲበትን፣ ሲመዝን፣ ያ ሁሉ ነፋስ ጊዜውን ጨርሶ ኖሯል። የሚገፋው ያጣው ቃዲ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ወደ ግራ ታጠፈና ጉድባው ውስጥ ገባ። ድምፁን ሰማነው።

ኩብራ አሸነፈች። ሄለን እየሮጠች መጣች፤ ሽንፈት አትችልም። በሰው ፊት፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ፣ «ሳቢት፣ ወርዋሪዋ እሷ ናት። አንተ ግን ምንድነህ?» አለችው።

ሳቢት ቀስ ብሎ ሄዶ ዳኛው ፊት ቆመና ባርኔጣውን አወለቀ። «ኦቦ ጂብሪል፣ ባለቤቴ ሌላ ነበር የምትወረውረው። እኔ ነኝ ይሄን የመረጥኩት። ሽንፈቱን በእሷ ስም አትጻፉት» አለ። ዳኛው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። እኔ የት እንደምገባ አላወቅኩም። ሰው ፊት ባሏ በእሷ ፈንታ ይቅርታ የጠየቀላት ሴት ስሜት ምን እንደሚባል እስካሁን ቃል አላገኘሁለትም፤ ፊትን እንደሚያቃጥል ግን አውቃለሁ።

ስንመለስ ሳቢት የሚኒባሱ በር ሲከፈት ገብቶ መጀመሪያ ያገኘው ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ጎማው ላይ ያለው፣ ማንም የማይወደው ወንበር ነው። ጭሮ እስክንደርስ በመስኮት ወደ ውጭ አየ።

ከዚያ ቀን በኋላ ባለቤቴ መምረጥ ተወ።

ዕረፍት ነው ብዬ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ደስም ብሎኛል። እራታችን ሲሞቅ መብላት ጀመርን። ግን አንድ ከሰዓት አዴ ኡምኩልሱም ቤቴ ድረስ መጡ፤ ቆመው ነው ያወሩኝ።

«ኢንሳፍ፣ ባልሽን ምን ነክቶት ነው? ቲማቲሙን ሸፍኜ ጠበቅኩት፤ የሰጠሁትን ተቀብሎኝ ሄደ። ግማሹ የተበላሸ ነበር። ሆን ብዬ ነበር የሰጠሁት፣ እንዲናገረኝ ብዬ። አልተናገረኝም።»

«ትንሽ ደክሞት ነው፣ አዴ።»

«ሐኪም አሳይው» ብለውኝ ሄዱ።

ሱቅም ያው ነው። ደንበኛ የወደደውን ጫማ ይዞ ሲሄድ ዝም ብሎ ይሸኘዋል። አንዱ ሰው እያነከሰ ተመልሶ መጥቶ፣ «እንደሚጠበኝ እያየህ እንዴት ዝም አልከኝ?» ብሎ ተቆጣው። የሱቁ በር ላይ ወሬኞቹ ተመልሰው መቆም ጀመሩ። «ገለምሶ ድረስ ሄዳ ሳህኗን ጉድባ ከታ መጣች» ሲሉ፣ እሱ ውስጥ ሆኖ እየሰማ፣ ጫማ ይወለውላል። ማታ ቤት ሲገባ ዓይኔን አያይም። እፍረት የኔ ድርሻ ነበር፤ አሁን እሱ ሙሉውን ይዞት ተቀመጠ፤ አያያዙንም አያውቅበትም።

ሜዳ ብቻዬን ወጣሁ። ቦርሳውን ራሴ ተሸከምኩ። ተራዬ ሲደርስ እጄን ወደ ኋላ ዘረጋሁ፤ የሚያስቀምጥልኝ የለም። ሄለን አየችኝ። ተጠግታ፣ «ይቅርታ ልጠይቀው መሰለኝ» አለች።

«አትልፊ። የትኛው ዓይነት ይቅርታ እንደሚሻለው እስኪመርጥ ዓመቱ ያልቃል» አልኳት። ልንስቅ ሞክረን ሁለታችንም አልሳቅንም።

የቦኬ ወረዳ ሰዎች ሊጎበኙን የመጡት በዚያ ሰሞን ነው። እነሱም ጨዋታውን ሊጀምሩ ፈልገው ሜዳችንን ለማየት፣ አብረውን ለመወርወር። ለሳቢት፣ «ውሃውን የሚሸከምልኝ አጣሁ» አልኩት። ውሃውን ተሸክሞ መጣ። ጀሪካኑን አስቀምጦ ከሰዉ ራቅ ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ጀርባውን ሰጥቶን።

ከሰዓቱ ሲገፋ ከቦርደዴ በኩል የሚወጣው ነፋስ ተነሣ። ይሄን ነፋስ ጭሮ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ልብስ ከገመድ ያወርዳል። እንግዶቹ ከበው ቆመዋል። የኔ ተራ ሆነ። ቅርጫቱ ቅርብ ነው፣ ነፋሱ ፊት ለፊት ነው፤ ሕፃን ልጅ እንኳ ግትሩን ያነሣል። ቦርሳውን ከፈትኩ። ቃዲውን አየሁት፤ ጠርዙ ላይ የገለምሶ ጭቃ እንዳለ ነው። አለፍኩት። ሙሽሪትን አወጣሁ።

«ኢንሳፍ፣ ተሳስተሻል» አለች ሄለን።

«አልተሳሳትኩም።»

ድንጋዩ ላይ የተቀመጠው ጀርባ ቀና አለ። አልዞረም።

ባለኝ ኃይል ወረወርኳት። ሙሽሪት ወደ ፊት ጥቂት ሄደች፤ ነፋሱ ሥሯ ገባ፤ ቀጥ ብላ ወደ ላይ ወጣች፤ ከዚያ ወደ ቀኝ ተገልብጣ፣ ከቅርጫቱ ርቃ፣ አጥሩን አልፋ፣ ታች ያለው ቤት ቆርቆሮ ላይ እንደ በርሜል እያስጮኸች አረፈች። ውሻ ጮኸ። አንዲት ሴትዮ እጇ በአረፋ እንደተሞላ ወጥታ ወደ ሰማይ አየች። የኛዎቹ ሳቁ፤ የቦኬ እንግዶች በጨዋነት መሬት መሬት አዩ። አንገቴ ድረስ ሲሞቀኝ ተሰማኝ። በሳቢት ምክንያት ብዙ ጊዜ አፍሬያለሁ፤ ፈልጌ፣ ራሴ መርጬ ያፈርኩት ግን የዚያን ቀን ነው።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለኝ ከእንግዶቹ አንዱ፣ አዝኖልኝ።

ድንጋዩ ድረስ እንዲሰማ አድርጌ፣ «ዲስክ የሚመርጥልኝ ባለቤቴ ነው። ዛሬ ስላልመረጠልኝ ነው» አልኩ።

ሳቢት ተነሣ። ሱሪውን አራገፈ። እየመጣ ሳለ ፊቱ ቲማቲም መስሎ ነበር፤ ተናድዶ ይሁን አፍሮ አልለየሁትም። ቦርሳውን ከትከሻዬ ላይ መንጭቆ ወሰደው።

«በዚህ ነፋስ ሙሽሪትን? አንቺ አስተማሪ አይደለሽም? ለስላሳ ዲስክ ፊት ለፊት ነፋስ ሲያገኘው ምን ይሆናል? ስንት ቀን ነግሬሻለሁ? ሴትዮዋ ቤት ሄደሽ ይቅርታ ትጠይቂያለሽ፤ ቆርቆሮዋ ተሰርጉዶ ከሆነ እኔ ነኝ የምሠራው፤ ጉድ እኮ ነው።» ሰው ሁሉ እየሰማ ነው የሚቆጣኝ። ድምፁ ግን ከሳምንታት በኋላ ሙሉ ሆኖ ሲወጣ እየሰማሁ ነበርና አንገቴን ደፍቼ አዳመጥኩት። እንዳይቋረጥብኝ ፈርቼ።

ከዚያ ወደ እንግዶቹ ዞረ። ቃዲውን አውጥቶ ጭቃውን በእጅጌው ጠረገ። «ይሄን ያዙት፤ ከጠርዙ ሥር ዳስሱት። አያችሁ ጀርባው ጠፍጣፋ ነው? ለዚህ ነው ነፋስ የማይገባበት። ግን ነፋሱ ሲቆም ያዋርዳል፤ ገለምሶ ላይ አዋርዶኛል። ነፋሱ መኖሩን ሳይሆን እስክትወረውሩ መቆየቱን ነው የምታዩት።» ገለምሶን ራሱ አነሣው፤ በራሱ አፍ። ሄለን አንድ ነገር ልትለው አፏን ከፈተች፤ እሱ ግን ዲስኩን እጇ ላይ አስቀመጠላትና፣ «አንቺም ያዢው፣ አንቺም አታውቂውም» አላት። ይቅርታው በዚህ አለቀ።

እንግዶቹ ያመጧቸውን ዲስኮች አንድ በአንድ ያሳዩት ጀመር። አንዱን ያነሣል፣ ይጫናል፣ ይመልሳል። ጨዋታው ተረሳ። እኔ ታች ወርጄ ሴትዮዋን ይቅርታ ጠይቄ፣ ሙሽሪትን በመሰላል አስወርጄ ስመለስም አልጨረሰም። ፀሐይዋ ኮረብታው ላይ ወርዳ የቦኬ ሚኒባስ ከታች ክላክስ ማድረግ ጀመረ። ሹፌሩ ተማርሮ ወጣና፣ «ሰውዬው ምን እያደረገ ነው? ይመሽብናል እኮ» አለኝ።

ሳቢት የአንዱን እንግዳ ዲስክ ወደ መጨረሻዋ ብርሃን ከፍ አድርጎ ዙሪያውን እያየ ነበር።

«ባለቤቴ ነው» አልኩት። «ትንሽ ጠብቁት፤ አልጨረሰም።»